የቀጭኗ ግድግዳ ታሪክ፦ የሰው ልጅ ሳንባውን እንዴት አወቀ?

በበዓል ቀን በግ ሲታረድ ለየብልቱ አስቀድሞ የተወሰነ ቦታ አለው። ጨጓራና ጉበቱ ለዱለት፣ ጎድኑ ለጥብስ፣ ቆዳው ለነጋዴ ይሄዳል። ሳንባው ግን በብዙ ቤት የውሻ ድርሻ ነው። እጅ ላይ ሲያነሱት ቀላል ነው፤ ውሃ ላይ ቢጥሉት ይንሳፈፋል። ሥጋ ለሚፈልግ ሰው ባዶ ነገር ይመስላል።

የጥንት ሊቃውንትም ሳንባን ከዚህ ብዙም ባልተለየ ዓይን ነበር ያዩት። ትንፋሽ ሲቋረጥ ሕይወት እንደሚቋረጥ ማንም ያውቅ ነበር። በአፍንጫ የገባው አየር ግን የት ይደርሳል? እዚያስ ሲደርስ ምን ይሠራል? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ነገሩን ያዘገየው አየርና ደም የሚገናኙባት ግድግዳ ቅጥነት ነው። ውፍረቷ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል፤ በዓይን አትታይም፣ በቢላ አትለይም። ይህ ቅኝት ወደዚያች ግድግዳ የተደረገውን ረጅም ጉዞ ይከተላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነፋስና ነፍስ

ቋንቋችን ስለ ትንፋሽ የሚያስበውን በአንድ የቃል ሥር ሰብስቦ አስቀምጦታል። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ ትንፋሽ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ግሪኮችም “ፕኔውማ” በሚለው ቃል ትንፋሽንም፣ ነፋስንም፣ መንፈስንም ይጠሩ ነበር። የጥንት ሰው አየርን ከሕይወት ለይቶ አላየም፤ በዚህም አልተሳሳተም። የጎደለው የአየሩን መንገድ ማወቅ ነበር።

ግብፃውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 አካባቢ በተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ ላይ አየር በአፍንጫ ገብቶ ወደ ልብና ወደ ሳንባ እንደሚሄድ መዝግበዋል። ሬሳ ሲያደርቁ ሳንባውን አውጥተው ሃፒ በተባለው ባለ ዝንጀሮ ራስ አምላክ ጥበቃ ሥር በተለየ ማሰሮ ያስቀምጡት ነበር። ላይኛውና ታችኛው ግብፅ አንድ መሆናቸውን የሚያመለክተው ምልክታቸውም ሳንባ ከአየር ቧንቧው ጋር ተያይዞ የሚታይበት ሥዕል ነው። ሁለት ክንፍ ያለውና በአንድ ግንድ የተያያዘ አካል ለሁለት አገሮች አንድነት ምሳሌ ሆነ ማለት ነው።

አርስቶትል ትንፋሽ የልብን ሙቀት ለማብረድ የሚያገለግል ነው ብሎ አስተማረ። ከእርሱ በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን፣ በእስክንድርያ ሄሮፊለስና ኤራሲስትራተስ የሰው ሬሳ ከፍተው መረመሩ። ሰው ሲሞት ደም ቅዳዎቹ ደማቸውን አፍስሰው ባዶ ሆነው ይገኛሉና ኤራሲስትራተስ በእነዚህ ቧንቧዎች ውስጥ የሚሄደው አየር ነው ብሎ ደመደመ። ዛሬ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የደም ቅዳ መጠሪያ የሆነው “አርቴሪያ” በጥንት ግሪኮች አፍ የአየር ቧንቧም ስም ነበር። ከጉሮሮ ወደ ሳንባ የሚወርደውን ትልቁን ቧንቧ “ሻካራው አርቴሪያ” ይሉት ነበር፤ ሻካራ ያሰኙትም ዛሬም በጣታችን አንገታችን ላይ የምንዳስሳቸው የለስላሳ አጥንት ቀለበቶች ናቸው።

የአሳማው ጩኸት

በ129 ዓ.ም. በጴርጋሞን የተወለደው ጋሌን የግላዲያተሮች ሐኪም ነበር። ቁስል አስተማረው። በሮም አደባባይ ባደረገው ዝነኛ ሙከራ የሚጮኽ አሳማ አስሮ አንገቱ ውስጥ ወደ ማንቁርት የሚሄዱትን ቀጫጭን ነርቮች ቆረጠ። አሳማው መተንፈሱን ቀጠለ፤ ድምፁ ግን ጠፋ። ንግግር ከልብ ይመነጫል ይሉ ለነበሩት ሰዎች ይህ ትልቅ መልስ ነበር። ድምፅ የሚወጣው በማንቁርት ነው፤ ማንቁርትም የሚታዘዘው ለአንጎል ነው።

ጋሌን በዚህ አላበቃም። የእንስሳትን ኅብለ ሰረሰር በተለያየ ከፍታ ላይ እየቆረጠ ትንፋሽ የሚቆመው የትኛው ቦታ ሲቆረጥ እንደሆነ ተመለከተ። ሳንባ ራሱን እንደማያንቀሳቅስ፣ የሚያንቀሳቅሱት ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራምና በጎድኖች መካከል ያሉት ጡንቻዎች እንደሆኑም ተረዳ። የአንጥረኛን ወናፍ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። ወናፉ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲጨፈለቅ ያወጣል። ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድና ጎድኖች ወደ ላይ ሲነሡ ደረት ይሰፋል፤ ሳንባም አብሮ ይሰፋና አየሩ ይገባል።

ስለ ወናፉ ትክክል የነበረው ጋሌን ስለ ደሙ መንገድ ግን ተሳሳተ። ደም ከልብ የቀኝ ክፍል ወደ ግራው የሚያልፈው በመካከላቸው ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ የማይታዩ ቀዳዳዎች ነው አለ። ቀዳዳዎቹ አልነበሩም። ነገር ግን የጋሌን ስም ከባድ ስለነበር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ተማሪዎች ያላዩትን ቀዳዳ አምነው ኖሩ።

ከካይሮ እስከ ቦሎኛ

ቀዳዳዎቹን በግልጽ የካደው በደማስቆ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ ነው። በ1242 ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ በኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍ ላይ ማብራሪያ ሲጽፍ፣ የልብ ግድግዳ ድፍን እንደሆነና ደም በእርሱ ውስጥ ሊያልፍ እንደማይችል ገለጸ። ደሙ ከልብ የቀኝ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ከአየር ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያም ወደ ግራው ክፍል ይመለሳል። ዛሬ ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚማረው ይህንኑ ነው። የኢብን አል ነፊስ ቃል ግን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ሳይወጣ ዘመናት አለፉ። በ1924 ሙህይ አድ-ዲን አት-ጣታዊ የተባለ ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ሲማር በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባገኘው የእጅ ጽሑፍ አማካይነት ለዓለም አስታወሰው።

በአውሮፓ ተመሳሳይ ሐሳብ በኅትመት የወጣው በ1553 በሚካኤል ሰርቬተስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የነገረ መለኮት ነበር። ሰርቬተስ በሃይማኖት ትምህርቱ ተከስሶ በዚያው ዓመት በጥቅምት 27 በጄኔቫ በእሳት ተቃጠለ፤ ከመጽሐፉም ሦስት ቅጂ ብቻ ተረፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጣሊያናዊው ሪያልዶ ኮሎምቦ በሕያዋን እንስሳት ላይ አይቶ ያንኑ አረጋገጠ።

ከሰርቬተስና ከኮሎምቦ ቀደም ብሎ፣ በ1543፣ አንድሬአስ ቬሳሊየስ በታላቁ የአካል መጽሐፉ አንድ አስደናቂ ሙከራ አስፍሯል። ደረቱ የተከፈተ እንስሳ ሳንባው ወድቆ ሊሞት ሲል በአየር ቧንቧው ላይ ቀዳዳ ከፍተው ሸምበቆ ቢከቱበትና እፍ ቢሉበት ሳንባው እንደገና ይነሣል፤ የደከመው ልብም ይበረታል አለ። ይህ የሸምበቆ ነገር ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ምን እንዳደረገ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቬይ በ1628 ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዞር ሲያስረዳ አንድ ጎዶሎ ቀርቶት ነበር። ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሻገር አላየም፤ መሻገሩን ግን በስሌት አውቆ ነበር። ድልድዩን ያየው ማርቼሎ ማልፒጊ ነው። በ1661 በቦሎኛ የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ሲመለከት ሳንባ ድፍን ሥጋ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም እጅግ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ስብስብ እንደሆነ አየ። በከረጢቶቹ ገጽ ላይም ደም በክር መሰል ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲሄድ ተመለከተ። ደምና አየር ሳይደባለቁ ጎን ለጎን ነበሩ። ግድግዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ፊት ቆመች።

ሻማና አይጥ

ቦታው ታወቀ። ግድግዳዋን ምን እንደሚሻገር ግን ገና አልታወቀም። በ1667 ሮበርት ሁክ በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ፊት የውሻ ደረት ከፍቶ በሳንባው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አበጀና በወናፍ ሳያቋርጥ አየር ነፋበት። ሳንባው ሳይነሣና ሳይወድቅ ውሻው በሕይወት ቆየ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ሕይወትን የሚያቆየው ትኩስ አየር እንጂ የሳንባ መነሣትና መውደቅ በራሱ አይደለም። ሁክ ከዓመታት በፊት ይህን መሰል ሙከራ አድርጎ የእንስሳው ስቃይ ስለከበደው መድገሙን እንደማይፈልግ ለሮበርት ቦይል ጽፎለት ነበር። ሁለተኛውን ሙከራ የተመለከተው ሪቻርድ ሎወር በ1669 ጠቆር ያለው ደም በሳንባ ሲያልፍ ደማቅ ቀይ የሚሆነው ከአየር አንድ ነገር ስለሚቀበል ነው ብሎ ጻፈ። ጆን ሜዮ ደግሞ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሻማና አይጥ አስቀምጦ ሁለቱም ከአየሩ አንዱን ክፍል እንደሚጨርሱ አሳየ።

ያ “አንድ ነገር” ስም ለማግኘት ተጨማሪ መቶ ዓመት ጠበቀ። በ1750ዎቹ ጆሴፍ ብላክ ከሰው ትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለየ። ስዊድናዊው ሼሌ፣ ቀጥሎም በነሐሴ 1774 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ ሻማ የሚያደምቀውንና አይጥን በሕይወት የሚያቆየውን አየር አገኙ። አንትዋን ላቮይዚዬ ኦክስጅን ብሎ ስም ሰጠው፤ መተንፈስም ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን አስተማረ። ከላፕላስ ጋር ሆኖ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ የጊኒ አሳማ አስቀምጠው በሰውነቱ ሙቀት ስንት በረዶ እንደሚቀልጥ ለኩ። ስለዚህ የሰውነት ሙቀት ከምድጃ ሙቀት ጋር በአንድ ሕግ የሚተዳደር ሆኖ ተገኘ። አርስቶትል ትንፋሽ እሳቱን ያበርዳል ብሎ ነበር፤ ላቮይዚዬ ግን እሳቱን የሚያነደው ራሱ ትንፋሽ መሆኑን ገለጠ። እርሱም በግንቦት 8 ቀን 1794 በፈረንሳይ አብዮት ጊሎቲን አንገቱ ተቀላ።

ደረትን ማድመጥ

እስከዚህ ድረስ ዕውቀቱ የላቦራቶሪ ነበር። ወደ ታማሚው አልጋ ያመጡት ሐኪሞች ናቸው። ኦስትሪያዊው ሌዎፖልድ አውንብሩገር የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነበር። በርሜል ሲመታ ባዶው ክፍል ሌላ፣ ሙሉው ክፍል ሌላ ድምፅ ይሰጣል። በ1761 የሰውን ደረት በጣት መትቶ ውሃ የቋጠረውን ከጤነኛው የሚለይበትን ዘዴ አሳተመ። በ1816 በፓሪስ ኔኬር ሆስፒታል ሬኔ ላዕኔክ ወረቀት ጠቅልሎ በአንዲት ወጣት ታማሚ ደረት ላይ አስደገፈና ጆሮውን በሌላው ጫፍ አኖረ። ድምፁን ጆሮ በቀጥታ ደረት ላይ ቢደረግ ከሚሰማው አጥርቶ ሰማ። ከዚያ ስቴቶስኮፕ ተወለደ። ላዕኔክ የሳንባ ነቀርሳን ድምፅ ከሳንባ ምች ድምፅ ለይቶ ለዓለም አስተማረና በ1826 እርሱ ራሱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ጉዞው ከዚያ በኋላ ፈጠነ። በ1846 ጆን ሃቺንሰን አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ስንት አየር ማውጣት እንደሚችል የሚለካ መሣሪያ ሠርቶ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለካ። በመጋቢት 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮክ የነቀርሳውን ባክቴሪያ በበርሊን አሳወቀ። በ1895 ሮንትገን ያገኘው ጨረር የሕያው ሰውን ደረት ያለ ቢላ ከፈተ። አንድ ክርክር ብቻ ቀርቶ ነበር፦ ሳንባ ኦክስጅንን እንደ ዕጢ አመንጭቶ ወደ ደም ይገፋል ወይስ ኦክስጅኑ ራሱ ብዛት ካለበት ወደሌለበት ይፈስሳል? በ1910 ዴንማርካውያኑ ባልና ሚስት አውጉስትና ማሪ ክሮግ ሁለተኛው ትክክል መሆኑን በልኬት አሳዩ። ግድግዳዋ አትገፋም፣ አትስብም። ቀጭን በመሆኗ ብቻ ታሳልፋለች።

ዛፉ ሲቆጠር

ዛሬ የአየሩን መንገድ ደረጃ በደረጃ እናውቀዋለን። በአፍንጫ ይገባል፤ በዚያ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ከአቧራ ይጣራል። ስንውጥ የማንቁርት ክዳን ይዘጋና ምግብ ወደ አየር መንገድ እንዳይገባ ይከለክላል። ትልቁ የአየር ቧንቧ ደረት ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋ ብሎ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ሕፃን የዋጠው ባቄላ ወይም ሳንቲም ትን ብሎት ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በቀኝ ነው። የቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል፣ የግራው ሁለት አለው፤ ግራው ለልብ ቦታ ለቅቋል።

ከዚያ በኋላ ቧንቧው እንደተገለበጠ ዛፍ ይከፋፈላል። ስዊስያዊው ኤዋልድ ዋይብል በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ ቅርንጫፉ ከግንዱ እስከ ጫፉ ወደ 23 ጊዜ እንደሚከፈል አስፍሯል። በ2004 የወጣ ቆጠራ ደግሞ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ ያሉትን የአየር ከረጢቶች በአማካይ 480 ሚሊዮን አድርጓቸዋል። ቢዘረጉ 100 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ፤ ሰፊ ቤት ማለት ነው። ይህ ሁሉ በሁለት ክንድ በሚታቀፍ ደረት ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ በከረጢቱ ጎን ሲያልፍ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ኦክስጅን ለመቀበል ግን ይበቃዋል።

በዚህ ካርታ ላይ ኢትዮጵያም የራሷ ምዕራፍ አላት። በ2002 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረዋል። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ለዚህም የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደማቸው ይበረክታል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው ሳይወፍር ዝቅ ባለ የኦክስጅን መጠን ይኖራሉ። የሰሜን ተራራ ሰዎች ግን ከሁለቱም ተለዩ። የደማቸው ውፍረትም የኦክስጅን መጠናቸውም ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አልራቀም፤ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ጥናቱ ይህን “የኢትዮጵያ ዓይነት መላመድ” ብሎ ሰይሞታል።

የመጀመሪያው ትንፋሽ

ዕውቀቱ ሕይወት ማዳን ሲጀምር የሆነውን በሁለት ታሪኮች ማየት ይቻላል።

በነሐሴ 1952 ኮፐንሃገንን ፖሊዮ መታት። በብሌግዳም ሆስፒታል የመተንፈሻ ጡንቻቸው የሰነፈባቸው ሕሙማን ይሞቱ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከ31 ሕሙማን 27ቱ አለፉ። ብዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም ከማንቁርት በታች ቀዳዳ ተከፍቶ ቱቦ እንዲገባና አየር በከረጢት በእጅ እንዲነፋ አሳሰበ። የቬሳሊየስ ሸምበቆ በአራት መቶ ዓመቱ ተመለሰ። ነገር ግን በቂ ማሽን አልነበረም። ወደ 1,500 የሚሆኑ የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ አልጋው አጠገብ እየተቀመጡ ቀንና ሌሊት ከረጢቱን በእጃቸው ጨመቁ። የሞት መጠኑ በእጅጉ ወደቀ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው ከእነዚያ ተማሪዎች እጅ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የሕፃናት ነው። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ብዙ ሕፃናት ተወልደው ጥቂት ሰዓት ከታገሉ በኋላ ይሞቱ ነበር። እርጥብ የሆኑ ጥቃቅን ከረጢቶች እንደ ውሃ ጠብታ ወደ ውስጥ መጨማደድ ይወዳሉ። የደረሰ ሕፃን ሳንባ ይህን የሚከላከል ሳሙና መሰል ፈሳሽ ያመነጫል፤ ያልደረሰው ሳንባ ግን ገና አልጀመረም። ሜሪ ኤለን ኤቨሪ ከጄሬ ሚድ ጋር በ1959 ሕፃናቱን የሚገድለው የዚህ ፈሳሽ እጥረት መሆኑን አሳየች። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የኬኔዲ ልጅ ያለጊዜው ተወልዶ 39 ሰዓት ብቻ ኖሮ በዚሁ በሽታ ሞተ፤ የአገሪቱ ሀብትና ሥልጣን ሁሉ አላዳነውም። በ1980 ግን ጃፓናዊው ቴትሱሮ ፉጂዋራ ፈሳሹን አዘጋጅቶ ለአሥር ሕፃናት በቱቦ ሰጠ፤ ሕፃናቱም ተሻላቸው። መድኃኒቱ የተዘጋጀው ከከብት ሳንባ ነበር። እኛ ለውሻ የምንጥለው ያ ቀላል ነገር ለሕፃናት የመጀመሪያ ትንፋሽ ሆነ።

አንድ ደቂቃ

ይህ ሁሉ ታሪክ ዛሬ በኢትዮጵያ ገጠር በአንድ ቀላል ሥራ ይጠቃለላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሚያስለውን ሕፃን ልብስ ገልጣ ደረቱን እያየች ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራለች። ግድግዳዋ በሳንባ ምች ስትወፍርና ከረጢቶቹ በፈሳሽ ሲሞሉ ኦክስጅን መሻገር ያቅተዋል፤ ሰውነት ያንን ለማካካስ ትንፋሹን ያፈጥናል። ጋሌን የለየው የጎድን ጡንቻ፣ ማልፒጊ ያየው ከረጢት፣ ክሮጎች የለኩት ፍሰት ሁሉ በዚያች አንዲት ደቂቃ ውስጥ አሉ።

ቁጥሩን ማንኛውም ወላጅ ሊያውቀው ይገባል። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኗል። የሳል ሕመም ያለበት ልጅ በዚህ ፍጥነት ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሌሊት ነው፣ ነገ ይሻለዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሕፃኑ ሲረጋጋ ልብሱን ገልጠው ይቁጠሩ፤ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።